ስለ ልጅዎ ይንገሩን

ባለቤቴ ሰው ፊት ልጁን አያመሰግንም። ነገሩ ለእኔም እንግዳ አልነበረም፤ ተወልጄ ባደግሁበት በደብረ ብርሃንም «ልጅሽ እንዴት ጎበዝ ናት» ሲሏት እናቴ ቶሎ ብላ «አዬ፣ ቁመት ብቻ» ትል ነበር። በትዳር መቐለ መጥቼ ያየሁት ግን ይብሳል። እዚህ የራስን ልጅ ማሞገስ ክፉ ዐይን መጥራት ነው፤ ከዐይኑም በላይ ነውር ነው። ባለቤቴ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ልጃችን አንድ ጊዜ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ካርዷን ስታሳየው ፊትና ጀርባውን አገላብጦ አየና፣ «ወረቀቱን አታጣጥፊው» አላት። ይህ ሰው ስለ ልጁ በስልክ ቢጠየቅ ምን እንደሚመልስ እናንተም ትገምታላችሁ።

ልጃችን ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። በዕድሜዋ ቢሆን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ልትጨርስ የሚገባት ናት፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በቆየባቸው ዓመታት እሷም እኩዮቿም ወደ ኋላ ቀርተዋል። ስለዚያ እቤታችን ብዙ አይወራም። እሷ ግን አንድ የምትመኘው ነገር ነበራት፤ አርባ ምንጭ ሄዳ የውኃ ምህንድስና መማር። ለምን ውኃ ብሎ የሚጠይቅ የመቐለ ሰው የለም። የምንኖረው ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ከገበያው ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ከብዙ ቤተሰብ ጋር ነው፤ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሊመጣ ሲል ቧንቧው አየር ይተፋል፤ ያን ድምፅ ከሁላችን ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። የማን በርሜል መጀመሪያ፣ የማን ጀሪካን ቀጥሎ የሚለውን ተራ ያወጣችውም እሷ ናት። ከዚያ በፊት ውኃ በመጣ ቁጥር ግቢው ጠብ ነበር።

ከዚህ አርባ ምንጭ መሄድ አገር ማቋረጥ ነው። እኔ ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ብዙ ያየሁ እናት ነኝ፤ ልጄ ከግቢው በር ራቅ ስትል እንኳ ወጥቼ እስክትመለስ አያለሁ። ነገር ግን ስለዚያ ትምህርት ስታወራ ፊቷ ሲበራ ሳይ ፍርሃቴን ዋጥ አደርጋለሁ።

ከጥምቀት በኋላ ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ጠራ። ርእሰ መምህሩ «መተግበሪያ፣ መተግበሪያ» ሲሉ ግማሾቻችን ምን እንደሚተገበር ሳይገባን ቆየን፤ ኋላ አንዲት ወጣት ተነሥታ «አፕ ነው» ስትል ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እዚሁ ከተማ ተምራ የጨረሰች፣ ከአንድ ጓደኛዋ ጋር ዓዲ ሓቂ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትሠራ ልጅ ናት። አፑ ለተማሪው የፈተና መለማመጃ ያቀርባል፤ ለቤተሰቡ ደግሞ ልጁን ከቤት ለመላክ እንዴት እንደሚያዘጋጀው በየሳምንቱ አንድ ሥራ ይሰጣል። ወደድኩት። እስከዚያ ድረስ «አጥኚ» ከማለት በቀር ምን እናድርግላት ብለን ብንጠይቅ የሚነግረን አልነበረም።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ «ልጅዎን አይቀስቅሱ» የሚል ነበር። እኛን የምትቀሰቅሰን እሷ ስለሆነች ያ ቀለለን። ሁለተኛው «በዚህ ሳምንት የቤቱን ነገር ልጅዎ ትምራ» አለ። ባለቤቴ ሐወልቲ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ዕድሜውን የፈጀ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ መመሪያ ከመጣ ያለቀ ነገር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ «ልሂድ?» እያለ አስፈቀዳት። እሷም «ጃኬትህን ልበስና ሂድ፣ አቦይ» ትለዋለች። አባቷን አቦይ ነው የምትለው። እኔ እስቃለሁ፣ እሷ ትስቃለች፤ እሱ ግን ጃኬቱን ለብሶ ይሄዳል።

ከዚያ «ስለ ልጅዎ ይንገሩን» የሚለው ክፍል መጣ። አባወራው ይሙላው ተባለ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መነጽሩን አድርጎ፣ ስልኩን እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በሁለት እጁ ይዞ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ልይ ብለው ከለከለኝ። ቆይቶ «ላክሁት» አለና ምሳ ጠየቀ።

ውጤቱ የመጣው ጾሙ ከገባ በኋላ ነው። በእኔም በልጄም ስልክ አንድ ጊዜ ገባ። መሐል ላይ አንድ ቀይ ክብ አለ፤ ከሥሩ «ልጅዎ ከቤት ርቃ ለመማር ገና አልተዘጋጀችም፤ በቅርብ የሚገኝ ተቋም ቢመርጡ ይመከራል» ይላል። ዝቅ ሲል ደግሞ የአባቷ መልሶች ተደርድረዋል። ያለ ቀስቃሽ ትነሣለች? አልፎ አልፎ። ችግር ሲገጥማት ራሷ መላ ትፈልጋለች? አትፈልግም። ከማታውቀው ሰው ጋር ተግባብታ ትኖራለች? ያስቸግራታል። ሰው ሊተማመንባት ይችላል? ወደፊት። መጨረሻ ላይ ጎበዝ የሆነችበትን ነገር በራስዎ ቃል ይጻፉ ይላል። እሱም ጽፏል፦ «ገና ልጅ ናት። እግዚአብሔር ይርዳት።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «ደሓን» አለች፤ ግድ የለም ማለቷ ነው። «እዚሁ እማራለሁ።» ከዚያ ወጥታ ልብስ ማጠብ ጀመረች። እስከ ማታ እንደዚያ ሆና ዋለች። ሽንኩርት ስንልጥ ግን ቀና ሳትል፣ «እማ፣ አቦይ እውነት እንዲህ ነው የሚያስበኝ?» ስትል ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት። «ታዲያ ለምን ጻፈው?» አለች። ከሽንኩርቱ ያልመጣ እንባ ዐይኔ ላይ ሞላ።

ባለቤቴ እስኪገባ ጠበቅሁት። እኔ ስናደድ ድምፄ አይጮኽም፤ ይቀጥናል፤ እሱ ያን ድምፅ ያውቀዋል። ስልኩን አፍንጫው ሥር አድርጌ ይህ ምንድን ነው አልኩት። እሱ ደግሞ የገረመው የእኔ መገረም ነው።

«ታዲያ ምን ልበል? ልጄ ጎበዝ ናት፣ ልጄ አስተዋይ ናት ብዬ ለማላውቀው ሰው ልጻፍ? እኔው ወልጄ እኔው ላሞግሳት?»

የተጠየቅኸው እውነቱን ነው አልኩት። እውነቱንማ ማን አጣው፣ ግቢው በሙሉ ያውቀው የለም ወይ አለኝ። እንግዲያው ለእሷ ንገራት አልኩት። ራሱን አከከ። ታውቀዋለች አለ። አታውቅም አልኩት። በዚያ ምሽት ጀሪካኗ ላይ ተሰብሮ የቆየውን መያዣ በሽቦና በጨርቅ ጠቅልሎ አበጀላት። የሱ ንግግር እንዲህ ነው። ያን ሽቦ አይታ ልቡን እንድታነብ መጠበቁ በጣም አናደደኝ።

መልሱን ላርም ቢልም አፑ አንዴ የተላከን መልስ እስከሚቀጥለው ዙር አያስነካም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ዳግመኛ ሲጠራ የነገር ሸክሜን ይዤ ሄድኩ። ለካ ብቻዬን አልነበርኩም። ያቺ የአፑ ልጅ ከፊታችን ቆማ፣ ዐይኗ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ቀልቶ፣ ከዚህ ትምህርት ቤት ውጤቱ ቀይ ያልሆነ አንድም ተማሪ የለም አለችን። መጀመሪያ አፑ የተበላሸ መስሏቸው ከጓደኛዋ ጋር ሲፈትሹት መሰንበታቸውን ነገረችን። ምንም አልተበላሸም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ ስልኩን ለገዛ እናቷ ሰጥታ ስለ እኔ ሙዪልኝ አለቻት።

«እኔ ተመርቄአለሁ» አለች፤ «ይህን አፕ የሠራሁትም እኔ ነኝ። እናቴ በሞላችው መሠረት ግን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ገና ነኝ።»

መጀመሪያ ከኋላ አንድ አባት ሳቁ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ከአጠገቤ ያለችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች። ሁላችንም ያው ነን። አንዱም ሰው ልጁን አላሞገሰም፤ አፑም ያልነውን አምኖ የከተማውን ልጅ ሁሉ ከቤት አትውጡ ብሏል።

ልጅቷ ግን ሳቁ ሲያባራ ምን እናድርግ ብላ ጠየቀች። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙያው እየደረሰ ነው፤ ልጆቹ ያን ቀይ አይተው ልባቸው ወድቋል። እስቲ አንድ ሰው ተነሥቶ ስለ ልጁ አንድ ጥሩ ነገር ይናገር አለች። የሚነሣ ጠፋ። ከአጠገቤ ያለችው፣ ገበያው ውስጥ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ የግቢያችን ሴት ናት፤ ልጇ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ይማራል። እሷ ላይ ዐይን በዛና ተነሣች። ስለ ልጇ ልትጀምር ፈልጋ አፏ ተያዘ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ዋይ፣ ስለ ልጄስ አልችልም» አለች። «ስለ እሷ ልጅ ግን ጠይቁኝ። እስከ ማታ እነግራችኋለሁ።»

የአፑ ልጅ አፏን ከፍታ አየቻት። ሁለተኛው ዙር በዚያው ተወሰነ፤ እያንዳንዱ ቤት ስለ ጎረቤቱ ልጅ ይሙላ ተባለ። እቤት ገብቼ ይህን ስነግረው ባለቤቴ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ብሎ ተረተብኝ። ለዛሬ የሰውን አማስል፣ ያንተንማ አሳርረኸዋል አልኩት።

ጎረቤቴ ስለ ልጄ የሞላችውን ልጄ ነች ያነበበችልኝ። ጎረቤቴ እናቷን ልትቀብር አገር ቤት ሄዳ በነበረች ጊዜ ውኃ ሲመጣ ልጄ የራሳችንን በርሜል ትታ የሷን በርሜሎች አስቀድማ እንደሞላች፣ ከቀብር ስትመለስ ፊቷን የታጠበችው በዚያ ውኃ መሆኑን ጽፋለች። ያን እኔም አላውቅም ነበር። ክቡ አረንጓዴ ሆነ። ልጄ ፈገግ አለች፤ ግን ፈገግታው ቶሎ ጠፋ። አባቷ ስለ ጎረቤታችን ልጅ የጻፈውንም ያ ልጅ በደስታ አሳይቷት ኖሯል። ባለቤቴ፣ ያ አንድ መስመር ያነቀው ሰው፣ ስለ ሰው ልጅ ገጽ ሙሉ ጽፏል፦ ሲታዘዝ አያጉረመርምም፣ የእናቱን ዕቃ ይሸከማል፣ ሲናገር ሰው ያዳምጣል፣ ታላቅ ሰው ይሆናል።

«እሱ ላይ ይህን ሁሉ ያያል» አለችኝ። «ማየት ይችላል ማለት ነው፤ እኔ ላይ ግን የሚያየው የለም።»

ከዚያ በኋላ አረንጓዴው ምንም አላደረገላት። ፈተናውን ካምፓስ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ ተፈተኑ። ውጤቱ መጣ፤ ልጄ አለፈች፣ ያውም በደንብ። እኔ ግቢ ውስጥ እልል አልኩ፤ ጎረቤቴ ተቀበለችኝ። ባለቤቴ «ተመስገን» አለና ወደ ጓዳ ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ዐይኑ ቀልቶ ነበር፤ ጓዳው ውስጥ የሚጨስ ነገር የለም።

ምርጫው በኢንተርኔት የሚሞላበት ቀን ደረሰ። ስልኩን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች፤ እኛ አጠገቧ። አባቷ የመጀመሪያው የት ነው አላት። እዚሁ መቐለ ነው አለች፣ ቀና ሳትል። ልቤ ወደቀ። ለአንድ አፍታ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከእኔ ልትለይ አለመሆኑ ደስ አለኝ። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ማንም ሳይጠይቀው መንገድ ይናገር ጀመር።

«አውቶቡሱ ሲነጋ ይነሣል። የመጀመሪያውን ቀን መንገድ ላይ ታድሪያለሽ፤ አልጋ ከሴቶች ጋር ያዢ። አዲስ አበባ ስትደርሺ አክስትሽ ትቀበልሻለች። ወደ አርባ ምንጭ የሚሄደው ከሌላ መናኸሪያ ነው፤ ወደዚያ በሌሊት አትሂጂ፣ ከአክስትሽ ጋር ሂጂ። ሶዶ ላይ ለምሳ ይቆማል፤ ቦርሳሽን ይዘሽ ውረጂ። ሶዶን ካለፍሽ በኋላ በግራ በኩል ሐይቅ ይታይሻል። ያን ጊዜ ደረስሽ ማለት ነው፣ ጓለይ።»

ጓለይ፣ ልጄ ማለት ነው። ባለቤቴ ከመቐለ ወደ ደቡብ ከአዲስ አበባ አልፎ አያውቅም። ይህን ሁሉ ማን ነገረህ አለችው። ከሥራ ሲወጣ መናኸሪያ እየሄደ ሾፌሮችንና ረዳቶችን መጠየቁን ነገራት። መቼ ነው የጠየቅኸው አለችው። ክረምት አይደለም፣ ውጤት ሲመጣም አይደለም፤ ያ አፕ የመጣ ሰሞን፣ ከጥምቀት በኋላ ነው አለ። «ገና ልጅ ናት» ብሎ በጻፈበት ሰሞን ማለት ነው።

ልጄ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጣቷን አንቀሳቅሳ አርባ ምንጭን ከላይ አደረገችው። እኔ ተነሥቼ ማጀት ገባሁ፤ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ፊት መቆም አልችልም። ምደባው ሲወጣም የጠየቀችው ደረሳት።

አንድ ነገር ግን አልወጣላትም። ልብሷን ስናጣጥፍ መንገዱን ነገረኝ እንጂ ትችያለሽ አላለኝም አለችኝ። ብመለስስ፣ ባቅተኝስ፣ እሱ መጀመሪያም አውቄው ነበር አይልም ወይ አለች። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሌላ ሰው ቢነግረው አይጠግብም፤ ከዚያው አፍ ካልሰማው ዋጋ የለውም። እኔ የምችለውን ያህል ተናገርኩ። የእኔ ግን በየቀኑ የምትሰማው ነው።

መናኸሪያ የሄድነው ሊነጋጋ ሲል ነው። ልጄ ሻንጣዋን ለረዳቱ ልትሰጥ ወደ አውቶቡሱ ጀርባ ሄደች። ከአጠገባችን ከገጠር የመጣች አንዲት እናት፣ የደቃቃ ልጇን እጅ ይዛ ታለቅሳለች። ልጅቷም ወደዚያው ወደ አርባ ምንጭ ነው የተመደበችው፤ ከወረዳዋ ወጥታ አታውቅም፤ አብሯት የሚሄድ ሰው የለም። እናትየው ለማንም ሳይሆን ለአየሩ ልጄን ለማን ልስጣት ትላለች በትግርኛ።

ባለቤቴ ወደ እሷ ቀረበ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ኣይዞኺ፣ ኣደይ» አላት፤ «ጓለይ ኣላታ።» አይዞሽ እናቴ፣ ልጄ አለችላት ማለቱ ነው።

እዚያ ቢያቆም ይበቃኝ ነበር። አላቆመም። ልጄ ማንም ሳይቀሰቅሳት ትነሣለች፣ እኛንም የምትቀሰቅሰን እሷ ናት አላት። ችግር ሲመጣ ቁጭ ብላ አታለቅስም፣ ውኃ የሚያጣላውን ግቢያችንን በተራ ያስያዘችው እሷ ናት አላት። የማታውቀው ሰው የለም፣ ሁሉም ይወዳታል አላት። አንድ ነገር አደራ ካልሻት እኔን ከማመን እሷን እመኚ አላት። ያ ስልክ የጠየቀውን ሁሉ፣ አንድም ሳያጓድል፣ በተራው እየመለሰ ነበር። ለማያውቃት ሴት፣ መናኸሪያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ለካ ያን ጊዜ ሁሉ መልሱን ይዞት ነበር። በመጨረሻም «እኔ ልጅ ሆኜ እንደሷ አልነበርኩም» አለ።

ልጄ ሻንጣዋን ሰጥታ ተመልሳ ከኋላው ቆማ ነበር። ምን ያህሉን እንደሰማች ፊቷን አይቼ አወቅሁ፤ ሁሉንም ሰምታለች። እሱ ዘወር ሲል አያት። ደነገጠ፤ ኮፍያውን መልሶ አደረገ፤ የጃኬቱን አንገት አስተካከለ። «ምን ቆመሻል፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው» አላት፣ በሚያውቀው ቋንቋ። እሷም እጁን ይዛ ሳመችው። እኔ ማልቀስ አላፍርም፣ አለቀስኩ።

ከዚያ ወደ ትንሿ ልጅ ሄዳ ከትከሻዋ ላይ ቦርሳዋን ተቀበለቻት።

«ነይ» አለቻት፤ «መንገዱን አውቀዋለሁ።»